ትልቁ ባንድና ፈንክ፤ ጃዝን የሚያከብረው የትኛው ነው?

በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ በዚህ ዓመት ብዙ ካከራከሩን ነገሮች አንዱ፣ አንድ የታወቀ የጃዝ ዜማ በምን ዓይነት አጨዋወት ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ነው። ገሚሶቻችን ጃዝ ማለት ዱክ ኤሊንግተንና ካውንት ቤዚ በትልልቅ ባንዶቻቸው የተጫወቱት ነውና እንደ እነርሱ ካልሆነ አይነካ እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ ያ የአያቶች ሙዚቃ ነው፣ ፈንክ ካልገባበት ማንም ከመቀመጫው አይነሣም እንላለን። ክርክሩ ከክበቡ አልፎ ወደ መምህሮቻችንና ወደ ወላጆቻችን ስለ ደረሰ፣ እኔም የሚመስለኝን በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጽ ደፈርሁ።

አስቀድሜ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። የፈንክ አጨዋወት የትልቁ ባንድ ልጅ እንጂ ጠላቱ አይደለም እላለሁ። ደግሞም የጃዝን ጠባይ ጠብቆ የሚያኖረው፣ የቀድሞውን ሸክላ ድምፅ በድምፅ ከሚገለብጠው ሰው ይልቅ፣ ዜማውን ተቀብሎ የራሱን ነገር የሚጨምርበት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ግን ጓደኞቼን ብቻ ደስ ለማሰኘት አይደለም። የአባቱን ርስት ወሰን የማያውቅ ልጅ ርስቱን ሊያርሰው እንደማይችል ሁሉ፣ ትልቁን ባንድ ያላጠና ሰውም ፈንክን በሚገባ ሊጫወት አይችልም። የሁለቱንም ምክንያት ከዚህ በታች በተራ እገልጻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ትልቁ ባንድ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በ1920ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ ፍሌቸር ኸንደርሰን የተባለው የባንድ መሪና ዶን ሬድማን የተባለው አቀናባሪ፣ ሙዚቀኞችን እንደየመሣሪያቸው በክፍል በክፍል ለይተው ያጫውቱ ጀመር። ሳክስፎኖቹ አንድ ወገን፣ ትራምፔቶቹ አንድ ወገን፣ ትሮምቦኖቹም አንድ ወገን ሆነው እርስ በርሳቸው ጥያቄና መልስ ይለዋወጣሉ፤ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ባስና ድራም ደግሞ ምቱን ይይዛሉ። ሥርዓቱ ከተደላደለ በኋላ በአንድ ትልቅ ባንድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 17 ሰዎች ይገኙ ነበር፤ እነርሱም አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትራምፔት፣ ሦስት ወይም አራት ትሮምቦንና አራት የምት መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው።

ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ እንደ ልቡ ቢጫወት ጫጫታ ይሆን ነበር። ስለዚህ አቀናባሪ አስፈለገ። አቀናባሪው ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን በኖታ ይጽፍለታል፣ ብቻውን ተነሥቶ የልቡን የሚጫወትበትንም ቦታ ይተውለታል። ኤሊንግተን የተደነቀውም በዚህ ነው፤ እርሱ ድርሻ ሲጽፍ የእያንዳንዱን ሙዚቀኛ የድምፅ ጠባይ እያሰበ ይጽፍ ነበርና፣ ያንኑ ኖታ ለሌላ ሰው ቢሰጡት ያው አይሆንም። አምስት ሳክስፎኖች አምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ይዘው እንደ አንድ ሰው ሲተነፍሱ የሰማ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ምሳሌ በሙዚቃ ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

የዚህ አጨዋወት ምት ስዊንግ ይባላል። አራት አራት እየተባለ በሚቆጠረው ምት ላይ ባሱ በየምቱ አንዳንድ ድምፅ እየሰጠ እንደ መንገደኛ ይራመዳል። ሁለተኛውና አራተኛው ምት ጠንከር ይላል። በምቶቹ መካከል የሚገቡት አጫጭር ድምፆች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረዘም፣ ሌላው አጠር ይላል። ሰውነትን የሚያወዛውዘው ይህ አለመተካከል ነው።

ፈንክ ግን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲወለድ ዋና አባቱ ጄምስ ብራውን ነበር። እርሱና ባንዱ በተለይ በ1967 «ኮልድ ስዌት» በተባለው ሥራቸው የሙዚቃውን ክብደት ወደ መጀመሪያው ምት አዛወሩት። ባሱ መራመዱን ትቶ ጥቂት ቃል ተናግሮ ዝም እንደሚል ሰው ሆነ። ጊታሩ ዜማ ማውጣቱን ቀንሶ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። አጫጭሮቹ ድምፆች እኩል እኩል ሆነው ይቆራረጣሉ፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑም እንደ ጅራፍ ድንገት ጮኸው ዝም ይላሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የያዘው ነገር ብቻውን ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሌላው የተወለትን ባዶ ቦታ ሳይስት በዚያች ቅጽበት መግባት፣ ከዚያም ለአሥር ደቂቃ ቢሆን ሳይፈጥን ሳይዘገይ መጽናት ነው። ፈንክ ቀላል ነው ለሚሉ ሰዎች፣ ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር ተብሎ የተነገረው ይበቃቸዋል።

አንዳንድ ታላላቆች ትልቁን ባንድ የገደለው እንዲህ ያለው የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ነው ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ትልልቆቹ ባንዶች የተዳከሙት ፈንክ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ሙዚቀኞች ወደ ጦር ሠራዊት ሄዱ። ከ1942 እስከ 1944 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ስለ ክፍያ ተጣልቶ አባሎቹ እንዳይቀረጹ ከለከለ። በ1944 ደግሞ መንግሥት በዳንስ ቤቶች ገቢ ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ። አሥራ ስድስት ሰው ደመወዝ እየከፈሉ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ማዞር የማይቻል ሆነ። በ1951 የኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ለገበያ ከወጣ ወዲህም ጥቂት ሰዎች አንድ ትልቅ አዳራሽ በድምፅ መሙላት ቻሉ። ስለዚህ ፈንክ የመጣው ባዶ ወደ ሆነ ቤት ነው እንጂ ባለቤቱን አስወጥቶ አይደለም።

አሁን ሁለቱን አጨዋወቶች በአንድ ዜማ ላይ እናስተያያቸው። ኸርቢ ሃንኮክ የተባለው ፒያኒስት በ1962 «ወተርሜለን ማን» የሚል ዜማ ደርሶ ከአራት ሌሎች ሙዚቀኞች ጋር አሳተመ። ትርጉሙ «ሐብሐብ ሻጩ» ማለት ነው። ሃሳቡን ያገኘው በልጅነቱ በቺካጎ መንገዶች ላይ በጋሪ እያዞረ ይሸጥ ከነበረው ሰው ነው። እኛ የ«ቆራሌው» ጥሪ ከየሰፈራችን ሲመጣ እንደምናውቀው፣ እርሱም ያንን ጥሪ ያውቅ ነበር።

በ1963 የዉዲ ኸርማን ትልቅ ባንድ ይህንኑ ዜማ ተጫውቶ በሸክላ አወጣው። ዜማው በትልቅ ባንድ ሲቀርብ ሻጩ ብቻውን አይሆንም፤ የነሐሱ ክፍል ሁሉ አብሮ ሲጠራና ሌላው ክፍል ሲመልስለት መንደሩ በሙሉ በየደጁ ወጥቶ የሚመልስለት ይመስላል። ዜማው ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ለፊት ይታያል፤ ሰሚው ፍለጋ አይሄድም።

ከዚያ በ1973 ሃንኮክ ራሱ «ኸድ ኸንተርስ» በተባለው ሥራው ውስጥ ዜማውን እንደገና አወጣው። አሁን ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ምቱም ፈንክ ሆነ። ድራም ተጫዋቹ ሃርቪ ሜሰን በአዲሱ ቅንብር ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። መክፈቻው ላይ ቢል ሰመርስ በጠርሙስ አፍ እየነፋና በድምፁ እየመለሰ፣ በመካከለኛው አፍሪቃ ደን የሚኖሩ ሕዝቦች በአንዲት ትንሽ ዋሽንት የሚያደርጉትን ጨዋታ ይከተላል። ቀጥሎ ባሱ ይገባል፤ ቀጥሎም ሌሎቹ አንድ በአንድ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዜማ እስኪመጣ ድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ያልፋል። በትልቁ ባንድ ሻጩ ከደጃችን ቆሞ ነበር፤ እዚህ ግን ጥሪው ከሩቅ መንገድ ቀስ እያለ የሚቀርብ ነው።

እንግዲህ ለዜማው ታማኝ የሆነው የትኛው ነው? እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የዜማው ባለቤት ራሱ ከ11 ዓመት በኋላ የራሱን ሥራ መገልበጥ አልፈለገም። እርሱ ያልፈለገውን እኛ በእርሱ ስም ለምን ግዴታ እናደርገዋለን? የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማሩ ሰዎች እንደሚያስረዱን፣ አንዱ ዜማ በቁም ዜማ ይባላል፣ በዝማሜ በመቋሚያ ይባላል፣ በመረግድና በጽፋትም በከበሮና በጭብጨባ ይባላል። ፍጥነቱና ክብደቱ ይለወጣል፤ ዜማው ግን ያው ነው። በጽፋት ስለ ተባለ ቁም ዜማው ተዋረደ የሚል ሊቅ የለም።

በፈንክ ላይ ከሚቀርቡት ወቀሳዎች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው፣ ያንኑ ነገር ይደጋግማል የሚለው ነው። ወቃሾቹ ግን በጣም የሚወዱትን የካውንት ቤዚን ባንድ ረስተዋል። ከካንሳስ ሲቲ የመጣው ይህ ባንድ በመጀመሪያ ዘመኑ ብዙ ሥራዎቹን ሳይጽፍ በቃሉ ይዞ ይጫወት ነበር። በ1937 የተቀረጸው «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ» መጨረሻው ላይ አጫጭር ሐረጎች በአንዱ ላይ ሌላው እየተደረቡ የሚደጋገሙበት ነው። የጄምስ ብራውን ነፊዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እንዲያውም የ«ኮልድ ስዌት» አቀናባሪ ፒ ዊ ኤሊስ፣ በዚያ ሥራ የሚሰማውን የነፊዎች ሐረግ ያገኘው ከማይልስ ዴቪስ የ1959 «ሶ ዋት» መሆኑን ተናግሯል።

ሁለተኛው ወቀሳ፣ ፈንክ የጭፈራ ሙዚቃ ነው እንጂ የሚደመጥ አይደለም የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ትልቁ ባንድ የት እንዳደገ ይጠይቁ። በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ከ1926 እስከ 1958 ሳቮይ የሚባል ታላቅ የዳንስ አዳራሽ ነበር፤ ባንዶች እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩበት፣ ዳኛውም የጨፋሪው እግር የሆነበት ቦታ ነው። ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ የክላሲካል ሙዚቃ ቤት ወደ ሆነው ወደ ካርኒጊ አዳራሽ የገባው ገና ጃንዋሪ 16 ቀን 1938 ነው፤ ያን ጊዜ ድፍረት ተባለ። ዛሬ እጃችንን አጣጥፈን በጸጥታ የምናዳምጠው ሙዚቃ በዘመኑ ወጣቶች ጫማቸውን የጨረሱበት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የዕድሜ ጓደኞቼን ደስ እንደሚያሰኛቸው አውቃለሁ። አሁን ግን ወደ እነርሱ ልመለስ። ከእኛ ብዙዎቹ ፈንክ ነው እያልን የምናቀርበው ፈንክ አይደለም። አንድ የታወቀ ዜማ እንወስዳለን፤ ከሥሩ አንድ የባስ ሐረግ እናስገባለን፤ ድምፁን ከፍ አድርገን እንለቀዋለን። ዜማውን ያሳዘነው ወይም ያስደሰተው ከሥሩ የነበረው የድምፆች መለዋወጥ ነበር። ያንን አውጥተን በአንድ ድምፅ ላይ ስናቆመው፣ ዜማው ጎኑ እንደ ፈረሰ ቤት ይሆናል። ትልቁ ባንድ ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ይደርስ ነበር፤ ትራምፔቶቹ አፋቸው ላይ ክዳን እያደረጉ የሰው ልቅሶ ወይም ሳቅ የሚመስል ድምፅ ያወጡ ነበር። እኛ ይህን ሁሉ ትተን ጮክ ማለትን ብቻ ከያዝን፣ ስንፍናችንን ዘመናዊነት ብለን መጥራታችን ነው።

ታላላቆቹ የፈንክ ሰዎች እንዲህ አላደረጉም። ሃንኮክ ፈንክን ከመጫወቱ በፊት ከ1963 እስከ 1968 በማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ሠርቷል። የጄምስ ብራውን ባንድ ዋና የነበረው ትሮምቦኒስት ፍሬድ ዌስሊ በ1978 በካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ ገብቶ ተጫውቷል፤ በዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ኖታ ማንበብና ከሌሎቹ ጋር እኩል መተንፈስ ግድ ነው። ጄምስ ብራውን ራሱ በ1970 «ሶል ኦን ቶፕ» የተባለውን ሥራ ያወጣው ከሉዊ ቤልሰን ትልቅ ባንድ ጋር ነው፤ አቀናባሪው ኦሊቨር ኔልሰን ሲሆን፣ ቤልሰን ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኤሊንግተን ድራም ተጫዋች ነበር። እንግዲህ የፈንክ አባት ወደ ትልቁ ባንድ ቤት በእግሩ ሄዷል። እኛ ምን ሆነን ነው የምንንቀው?

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። «ኸድ ኸንተርስ» በወጣበት በ1973 መጸው፣ ይኸውም በኅዳር ወር 1966 በእኛ አቆጣጠር፣ ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተቀብሏል። ዕድሜው 74 ዓመት ነበር፤ በሚከተለው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፈ። በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ ጊዜ ከእርሱ ጋር ተገናኝተዋል። አንዱ አጨዋወት በታላቁ መሪ እጅ ወደ ከተማችን ሲገባ፣ ሌላው በአሜሪካ አዲስ ሸክላ ሆኖ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጀምሮ የነሐስ መሣሪያ ሥር ሰደደ፤ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራዎች በነፊዎቻቸው ብዛት ይታወቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሆቴሉ የሚጫወቱት አነስ ያሉ ባንዶች የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ያዙ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ያሳተሙት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከፈንክ ምት ጋር ያዋሐደ ነው። ቅኝቱ የእኛ ስለ ሆነ፣ ምቱ የውጭ በመሆኑ ማንም ባዕድ አላለውም። ስለዚህ ፈንክ ስንጫወት የሚቆጡ ወላጆች ካሉ፣ ቤት ውስጥ የሚወዷቸውን የዚያን ዘመን ሸክላዎች እንደገና እንዲያዳምጡና ከነፊዎቹ ሥር ባሱ ምን እንደሚያደርግ ልብ እንዲሉ በትሕትና እለምናለሁ።

በመጨረሻ ለክበባችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ለዓመቱ መዝጊያ የሚመረጠው አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ ይቅረብ። መጀመሪያ በቀድሞው ሥርዓት፣ ኖታው ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን አጥንቶ ይጫወተው። አሥራ ስድስት ነፊና መቺ የለንም፤ ነገር ግን ሦስት ነፊዎች እንኳ ሦስት ድምፅ ይዘው አብረው መተንፈስን ሊማሩ ይችላሉ። ቀጥሎ ያንኑ ዜማ እኛው ራሳችን በፈንክ እናቀናብረው። በመጀመሪያው ያልተጫወተ ሰው በሁለተኛው አይግባ። ይህ ልምምዱን እጥፍ እንደሚያደርገውና የቅዳሜ ከሰዓታችንን እንደሚወስድብን አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ መንገድ ካልሆነ በቀር፣ ክርክራችን የማያውቁትን የመናቅ ክርክር ሆኖ ይቀራል።

መምህሮቻችንም ሸክላውን አስመስሎ የተጫወተውን ብቻ እንዳያመሰግኑ፣ ወላጆቻችንም የመጀመሪያውን አጨብጭበው በሁለተኛው እንዳይነሡብን አደራ እላለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ትልቁን ባንድ የሠሩት ሰዎች ሲጀምሩ እንደ እኛ ወጣቶች ነበሩ፤ የተቀበሉትን ሙዚቃም እንዳለ አልተዉትም። እነርሱን ማክበር የምንፈልግ ከሆነ በመጀመሪያ ሥራቸውን እንማር፤ ከዚያም እነርሱ እንዳደረጉት ሳንፈራ እንጨምርበት።